ጆሮ ጠቢው መካኒክ

«ጋሼ፣ እኔ ታይሚንግ የማስተካክለው በጆሮዬ ነው።»

«እንግዲያው ሒሳብህንም በጆሮህ ተቀበል» አልኩትና ኪሴ ውስጥ ያሉትን ሳንቲሞች አንኳኳሁለት።

ድሮ ጆሮ ጠቢ የሚለቅመው ወሬ ነበር። ዛሬ ቱታ ለብሶ ከቮልስ ኋላ ተንበርክኳል። አሠራሩን ያላያችሁ ካላችሁ ላሳያችሁ። ዲስትሪቢዩተሩን አንቆ የያዘውን ብሎን በ10 ቁልፍ ያላላል። ሞተሩ እየሠራ ዲስትሪቢዩተሩን በመዳፉ ይዞ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያዞራል። አንገቱን ያዘነብላል። ዓይኑን ይጨፍናል። ድምፁ ጠርቶ ሲፈጥንለት «በቃ፣ ያቻትልህ!» ብሎ ያጠብቃል። ዓይን መጨፈኑ ግዴታ ነው፤ ቢገልጠውማ ፑሌጃው ላይ ያለውን የታይሚንግ ጭረት ሊያየው ነው።

«ምን አጠፋ? ሞተሩ ቀጥ ብሎ እየሠራ አይደል?» አለኝ አጠገቡ የቆመው ተመልካች። (ጋራዥ ውስጥ ሥራ የሌለው፣ አስተያየት ግን የማያጣ አንድ ተመልካች ሁልጊዜ አለ።)

«ሚኒሞ ላይ ነዋ! ሚኒሞ ላይ ማን ይከፋዋል?»

ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር እሳቱ ሲቀድምለት ዙሩ ይጨምራል፣ ድምፁ ያምራል። መካኒኩም ያን ሰምቶ ይጨምርለታል። ስለዚህ በጆሮ የተያዘ ታይሚንግ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ወደ መቅደም። ፋብሪካው 7.5 ዲግሪ ብሎ የወሰነውን ጆሮው እጥፍ አድርጎት ቢነሳ እንኳ ሞተሩ እዚያው ቆሞ አያኮርፍም። የሚያኮርፈው ሰው ጭኖ፣ ሻንጣ ጭኖ፣ ዳገት ሲጀምር ነው።

ነገሩ ይኸውላችሁ። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው ቤንዚንና አየር በአንዴ ነድዶ አያልቅም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እስኪዳረስ ጊዜ ይፈጃል። ፒስቶኑ ደግሞ አይጠብቅም። በዚህ ምክንያት ካንዴላው የሚተኩሰው ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ግፊቱ የሚበረታው ፒስቶኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር እንዲሆን። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ሺህኛ ውስጥ ኮሎው 18 ዲግሪ ይሄዳል። እኔም ባለጆሮውን ጠየቅኩት።

«የሰከንድን አንድ ሺህኛ በጆሮህ ትለያለህ?»

«ልምድ ነው ጋሼ።»

«ደንበኛ ‹ሒሳቡ በዛ› ሲልህ የማይሰማው ጆሮ ነው ይኼን የሚሰማው?»

እሳቱ ሲቀድም ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ግፊቱ ከላይ ይቀበለዋል። ያልነደደው ተራፊ ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ጊዜ ይቀጣጠልና ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ማንኳኳቱ ከቀጠለ የፒስቶኑን ራስ እስከ መብሳት ይደርሳል። ሲዘገይስ? እሳቱ የሚወርደውን ፒስቶን ከኋላ እየተከተለ ይነድዳል፤ ጉልበቱ ይባክናል፤ ሙቀቱ በጭስ ማስወጫው ቫልቭ በኩል ሲወጣ ቫልቩንና ቴስታታውን ይጠብሳል። ውሃ የሚዞርበት ሞተር ቢሆን ውሃው የተወሰነውን ይሸከምለት ነበር። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ያላት በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይትና የባለቤቷ ጸሎት ነው።

«ቢያንኳኳማ ነጂው ይሰማው ነበር» አለ ተመልካቹ።

«ሞተሩ የት ነው?»

«ከኋላ።»

«ነጂውስ?»

«ከፊት።»

«በመሀል ማራገቢያው ይጮሃል፣ ማርሚታው ይጮሃል፣ መስኮቱ ይንኳኳል። ነጂው የሚሰማው ፒስቶኑ ሲበሳ ነው። ያኔ ደግሞ መካኒኩ አይሰማም፤ ስልኩ ዝግ ነው።»

ባለጆሮው ሁልጊዜ የሚያመልጥባት አንዲት ቃል አለችው። «እዚህ እያለች ደህና ነበረች» ይላል። ለፍትሕ ያህል እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይጎድላል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ያነሰ ነው፣ ሲታመቅም ግፊቱ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እሳቱ ቢቀድም እንኳ ሞተሩ የሚያንኳኳበት ሰበብ ያጣል። እንዲያውም አየሩ ሲሳሳ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጥቂት ማስቀደምን ይወድዳል። ከተማው ራሱ የመካኒኩን ጥፋት ሸፋኝ ነው ማለት ነው። ሥራውን የሚያጋልጠው መንገድ ነው። ባለቤቱ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዳማ ሲደርስ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዷል፤ አዋሽ ሲገባ ከፍታው 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ወፍሯል፣ ሙቀቱ ብሷል፣ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ እየሞላ ነው። ያ በጆሮ የተመረቀው ዲግሪ አሁን ዕዳውን ይጠይቃል፤ በተለይ በመልሱ፣ የሞጆን ዳገት ማርሽ ሳይቀንሱ እየረገጡ ሲወጡ። ቮልሷ በጭነት መኪና ተጭና ትገባለች።

«አየህ ጋሼ፣ እዚህ እያለች ደህና ነበረች። ቆላ አይስማማትም።»

«ቆላማ ይስማማታል። የእሷው ዘመድ ኩቤልዋገን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰሜን አፍሪካን በረሃ ያለ ራዲያተር ተመላልሶበታል። ያልተስማማት መካኒኳ ነው።»

«ቤንዚኑም ሊሆን ይችላል።»

«ቤንዚኑን የሞላነው አንተ በር ላይ ካለው ማደያ ነው።»

አዲስ መኪና የገዛው ጎረቤቴ ይኼን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «አሁን ይቺ መኪና ናት?» አለኝ።

«መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው የእሷው ዓይነት ቮልስ ናት፤ ግቢው የከበሩ መኪኖች ሞልተውት እያለ።»

«ታሪክ ትጠቅስልኛለህ፤ እኔ የማወራው ስለ ሞተር ነው።»

«ስለ ሞተሩማ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ፣ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያንተዋ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲበራባት የት ትወስዳታለህ?»

«ኮምፒዩተር ያለው ጋ።»

«የኔዋ 10 ቁልፍ ያለው ጋ ትሄዳለች።»

«ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል?»

«ቁልፉን የያዘው ሰው።»

ሁለተኛው ዓይነት መካኒክ በጆሮ አይሠራም፤ በቃሉ ይሠራል። «ቮልስ ሁሉ 7.5 ነው!» ይላል። ይኼኛው ቢያንስ ቁጥር ያውቃል፤ አንድ ቁጥር። 7.5 ዲግሪ ጫፍ ከመድረሱ በፊት የሚለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለተሠሩት ለብዙዎቹ 1300 እና 1500 ሞተሮች ልክ ነው። ባለ 34 የፈረስ ጉልበቱ 1200 ግን 10 ዲግሪ ይፈልጋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጭሳቸው እንዲቀንስ ተብለው ለአሜሪካ ገበያ ከተላኩት ውስጥ ልክ ጫፉ ላይ፣ ዜሮ ላይ የሚያዙ አሉ። ከ1971 ጀምሮ ሁለት የቫኩም ቱቦ ባለው ዲስትሪቢዩተር የመጡት 1600ዎች ደግሞ ጫፉን 5 ዲግሪ ካለፉ በኋላ ናቸው። በ7.5 በፊትና በ5 በኋላ መሀል 12.5 ዲግሪ ልዩነት አለ።

«እኔ ሃያ ዓመት በ7.5 ሠርቻለሁ!»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቁጥር ብቻ ስታነብ መጽሐፉን መቼ ትገልጠው?»

ደግሞም እኛ ዘንድ ስንቷ ቮልስ ከነሙሉ ዕቃዋ አለች? ሞተሩ ከአንዷ፣ ፑሌጃው ከሌላዋ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ከሦስተኛዋ የመጣ ነው። ቁጥሩን የሚወስነው የመኪናዋ ዕድሜ ሳይሆን አሁን የገባላት ዲስትሪቢዩተር ነው፤ መለያው አካሉ ላይ ተመቷል፣ ጨርቅ ይዞ ቅባቱን ለጠረገ ሰው ይታያል። ፑሌጃውም እንዲሁ። ሁለት ጭረት ያለበት አለ፣ አንድ ብቻ ያለበት አለ። አንዷ ጭረት 7.5 ትሁን ዜሮ ትሁን በራሷ አትናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ የ1ኛው ፒስቶን ጫፍ የት እንደሆነ ራሳችሁ አግኙና በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። 1ኛዋ ሲሊንደር፣ ወደ ፊት ፊታችሁን አዙራችሁ ስትቆሙ፣ በቀኝ በኩል ከፊት ያለችው ናት። የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ይኼን ያላጣራ ሰው ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር አሳስቶ 3ኛዋን 1ኛ ብሎ ይነሳና ገመዱን ያዛውራል፤ ሞተሩ በካርቡራቶሩ በኩል ሲያስነጥስ «ይማርሽ» ይላታል።

ከዚያ ደግሞ ባለ 009 መጣ። «ጋሼ፣ ይኼን አውጥተህ 009 አስገባባት፤ ትበራለች።» ይኼ 009 የሚሉት የቦሽ ዲስትሪቢዩተር ቫኩም የለውም፤ እሳቱን የሚያስቀድመው ዙር ሲጨምር በሚከፈቱ ክብደቶች ብቻ ነው። ለመጠገን ቀላል ነው፣ አልክድም። ሚኒሞ ላይ ሆና ነዳጅ ድንገት ሲረግጡባት ግን ታመነታለች፤ እንዲህ ያለ የእግር ረገጣ ላይ እሳቱን የሚያስቀድምላት ቫኩሙ ነበርና። ሲስተካከልም ዋናው ነገር ሚኒሞ ላይ ያለው ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ሲቀድም የሚደርስበት ነው፤ ከ3,000 ዙር በላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ።

«ትበራለች አልኩህ እኮ።»

«ከመብራት መስቀለኛው ስትነሳ ቆማ ካሰበች በኋላ ነው የምትበረው?»

አሁን ወደ አሠራሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ተረቡን የምመልሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። መጀመሪያ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል፤ ለኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቀጥሎ ፑንቲናው፤ በሰፊው ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር። በሲጋራ ካርቶን የሚለካ አይቻለሁ፤ ካርቶኑ የሲጋራውን ዓይነት እንጂ ውፍረቱን አልጻፈም። ታይሚንግ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የፑንቲናው ክፍተት ሲሰፋ ፑንቲናው ቀድሞ ስለሚከፈት እሳቱም ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ታይሚንጉን ይዞ ሲያበቃ «ፑንቲናውን በኋላ አየዋለሁ» ላለኝ መካኒክ፣ «ሙሽራዋን ድረህ ስታበቃ ሽማግሌ ልትልክ ነው?» አልኩት።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። ኮሎውን በፑሌጃው ብሎን፣ በ30 ቁልፍ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት። ዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ 1ኛዋን የሚያመለክት ትንሽ ጭረት አለ፤ ሮተሩ ወደ እሷ ሲዞር ፑሌጃው ላይ ያለውን ትክክለኛ ምልክት ሁለቱ የሞተሩ ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር አጋጥሙት። አንዲት አምፖልና ሁለት ሽቦ ያስፈልጋል፤ ባትሪዋ 6 ቮልት ከሆነ የ6፣ 12 ከሆነ የ12። አንዱን ሽቦ ቦቢናው ላይ 1 ቁጥር ከተጻፈበት፣ ወደ ፑንቲናው ከሚሄደው ጫፍ ጋር፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አያይዙ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ፑንቲናው ሲገጥም አምፖሉ ይጠፋል፣ ሲለያይ ይበራል። ዲስትሪቢዩተሩን አላልታችሁ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አምፖሉ እስኪጠፋ አዙሩት፤ ከዚያ በተቃራኒው በቀስታ መልሱት። ልክ በበራበት ቅጽበት ያዙና አጥብቁ። ቁልፉን ክፍት ትታችሁ ቡና ለመጠጣት አትሂዱ፤ ፑንቲናው ገጥሞ ከሆነ ቦቢናው ይግላል። በመጨረሻ ኮሎውን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩና ምልክቱ መስመሩ ላይ ሲደርስ አምፖሉ መብራቱን አረጋግጡ። ሰውየው መስማት የተሳነው ቢሆን እንኳ ይኼን ሥራ በትክክል ይሠራዋል።

«ይኼ የአምፖል ነገር የድሮ ነው ጋሼ።»

«ቮልሷስ የትናንት ናት?»

አቅም ያለው ብልጭ ድርግም የሚለውን የታይሚንግ መብራት ይግዛ። ገመዱን ከ1ኛዋ ካንዴላ ጋር ያያይዙታል፤ ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ስለሚበራ የሚሽከረከረው ጭረት የቆመ ይመስላል። በእሱ ዙር ሲጨምር እሳቱ መቅደም አለመቅደሙ፣ የክብደቶቹ ምንጮች መላላት አለመላላታቸው ይታያል። ይኼን አምፖሏ አታሳይም፤ ጆሮማ አይታሰብም።

አንድ ነገር ደግሞ ለመንገድ ያህል። 3ኛዋን ሲሊንደር ፋብሪካው ራሱ ያዝንላት ነበር። በድሮው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደ እሷ የሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለነበረ ከእህቶቿ ይልቅ ትሞቅ ነበር። በብዙዎቹ የቫኩም ዲስትሪቢዩተሮች ላይ የእሷ እሳት ሆን ተብሎ በጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ ተደርጓል፤ በኋላ ማቀዝቀዣው ከአየሩ መንገድ ገለል ተደረገ። ስለዚህ ታይሚንጉን 3ኛዋ ላይ የያዘ ሰው ሌሎቹን ሁሉ አስቀድሟቸዋል።

«ምን አገባኝ፣ አራቱም አንድ ናቸው» አለኝ ባለጆሮው።

«ጀርመኖቹ ለአንዷ ሲጨነቁ አንተ ለአራቱም አልተጨነቅክም።»

አራተኛው ዘመናዊ ነው። «ፑንቲና ቀረ፤ ኤሌክትሮኒክ አስገባባት» ይላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ፑንቲናው ሲበላ ታይሚንጉ ቀስ በቀስ ይዘገይ የነበረው ይቀራል። ገጠመላትና ሊሄድ ሲነሳ ጠየቅኩት።

«ታይሚንጉስ?»

«ኤሌክትሮኒክ ነው አልኩህ እኮ።»

«ፑንቲናው ነው የቀረው፤ ጭረቱ አልቀረም።»

በጥንቱ የፎርድ ሞዴል ቲ እሳቱን የሚያስቀድምና የሚያዘገይ ማንሻ መሪው ሥር በግራ በኩል ነበር። ማንሻውን ማዘግየት ረስቶ ሞተሩን በእጅ ለማስነሳት የታገለ ሰው፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታው ክንዱን ይሰበር ነበር። ያ ዘመን አንድ ፍትሕ ነበረው፤ ታይሚንግ የሳተው ሰውና የሚሰበረው ሰው አንድ ነበሩ። ዛሬ የሚስተው መካኒኩ ነው፣ ወገቡ የሚሰበረው ባለቤቱ።

ባለጆሮው ይኼን ሲሰማ ተናደደ። «እሺ፣ ይኼን ሁሉ ካወቅክ ለምን ራስህ አትሠራትም?»

«ስሠራት ዋልኩ እኮ። አንተ ጋ የመጣሁት ለጎማ ነው።»

የቮልስ ባለቤቶች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ስትገቡ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የዚህ ዲስትሪቢዩተር ቁጥር ስንት ነው?» ጎንበስ ብሎ ጠርጎ ካነበበ መኪናችሁን ተዉለት፣ የጠየቃችሁንም ክፈሉት። ሳያይ ከመለሰላችሁ ይዛችኋት ውጡ፤ በተለይ ለቅዳሜ ወደ አዋሽ የምትወርዱ።